ጥይቱን ማን ሞላው?

«የትኛው ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሸማኔው ስለ መወርወሪያው፣ ገበሬው ስለ ማረሻው፣ ልብስ ሰፊው ስለ መኪናው ይጠይቀዋል። ዕቃን ከዕቃ አማርጦ ደኅናውን ከተራው መለየት የሙያ መነሻ ነው፤ ሙያ የሌለው ሰው ማረሻ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። እኔ በበኩሌ ዕቃ የሚያማርጥ ሰው ስመለከት ደስ ይለኛል፤ ለሥራው ክብር አለው ማለት ነውና። ይሁንና ይህ የዋህ የሚመስል ጥያቄ ከሌላ ጥያቄ ጋር ሲጋጭ ያየሁበት አንድ ጉዳይ አለ። እሱን ነው የማነሣው። ጉዳዩ የጥይት መሙያ ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ነገር ሳይሆን አይቀርምና ጥቂት ላብራራ። ጥይት የምንለው አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና እርሳስ። ቃታ ሲሳብ ካፕሱሉ ይመታል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ እርሳሱ ይሄዳል። ቀለሁ ግን ከግፊቱ የተነሣ ጥቂት አብጦ ይቀራል። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህን ያበጠ ቀለህ ሰብስቦ፣ ወደ ልኩ መልሶ፣ እንደገና ሞልቶ የሚተኩስ አዳኝና የኢላማ ተወዳዳሪ ብዙ ነው። ቀለሁን ጨምቆ ወደ ልኩ የሚመልሰው፣ ኋላም አዲሱን እርሳስ በአፉ ላይ አስተካክሎ የሚያስቀምጠው ከጠንካራ ብረት የተሠራ ባለ ቀዳዳ ቅርጽ «ዳይ» ይባላል። የእኛ ማሽን ቤቶች ዳይ የሚሉት የብሎን ጥርስ ማውጫውን ነው፤ ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

ስለዚህ ዕቃ ያወጋኝ ሚኒሶታ የሚኖር አብሮ አደጌ ነው። የአንገር ጉቲን ልጅ ነው። እዚያ ከሄደ በኋላ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አጋዘን ማደን ለመደ፤ ቀጥሎም ጥይቱን ራሱ መሙላት ጀመረ። በስልክ ስንገናኝ ስለ ልጆቹ ጠይቄው፣ እሱም ስለ እናቴ ጠይቆኝ ሳናበቃ ወሬው ወደ ዳይ ይዞራል። «ሊ የሚባለውን ልግዛ ወይስ አር.ሲ.ቢ.ኤስ.?» የመጀመሪያው ጭንቀቱ ይህ ነበር። እኔም ያልገባኝን ነገር ካላነበብሁ እንቅልፍ አይወስደኝምና አነበብሁ።

ነገሩ ያልጠበቅሁትን ያህል ሰፊ ሆኖ አገኘሁት። የዊስኮንሲኑ ሊ በርካሽነቱ ይታወቃል፤ ዳዩን ሲሸጥ የቀለህ መያዣውንና የባሩድ መስፈሪያ ማንኪያውን ጨምሮ ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ውለታ የለም። አር.ሲ.ቢ.ኤስ. በ1943 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያዋ ኦሮቪል ከተማ የተጀመረ ነው፤ በአረንጓዴ ሣጥን የሚሸጠው ዕቃው ትውልድ ያልፋል ይባላል፤ ቢሰበር የመተካት ስምም አለው። የኒውዮርኩ ሬዲንግና ፎርስተር የሚባለው ሌላው ቤት ለኢላማ ተወዳዳሪ የሚሆን፣ የእርሳሱን ጥልቀት በማይክሮሜትር የሚለካ ዳይ ይሠራሉ፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው። የነብራስካው ሆርናዲ እርሳሱ ወደ ቀለሁ ሲገባ እንዳያዘነብል ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ተንሸራታች ቀለበት አለው። የአሪዞናው ዲሎን በሰዓት ብዙ መሙላት ለሚፈልግ ሰው ነው። ላይማን ደግሞ ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የሁሉም ሽማግሌ ነው። ለሽጉጥ ቀለህ የሚሆነው ውስጡ ካርባይድ የተደረገበት ዳይ ቅባት አይፈልግም፤ የጠመንጃ ቀለህ ግን ሳይቀባ ከገባ እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ይህ ያልደረሰበት ጀማሪ የለም ይላሉ።

ከሁሉ ያስገረመኝ እነዚህ ሁሉ ተፎካካሪዎች የዳያቸውን ጥርስ በአንድ ልክ፣ በሰባት ስምንተኛ ኢንች ማውጣታቸው ነው። የአንዱ ዳይ በሌላው መጫኛ ላይ ይገጥማል። ተፎካካሪ ነጋዴዎች በአንድ ልክ ሲስማሙ ማየት ደግ ነገር ነው። ፍርዴን ካላችሁኝ፣ በዓመት ሁለት ሦስት አጋዘን ለሚያድን ሰው የሊው ይበቃዋል። ልዩነቱ የሚታየው በሦስት መቶ ሜትር ላይ የብር ፍራንክ የምታህል ኢላማ ለሚመታ ሰው ነው፤ ያም ቢሆን ከዳዩ ይልቅ የሚያስተካክለው እጅ ይበልጣል። ለወዳጄም ይህንኑ ነገርሁት። እሱ ግን ልቡ ሬዲንግን ወዶ ነበር።

በዚህ ሁሉ ንባቤ ውስጥ «ለምን?» የሚል ቃል አንድም ጊዜ አላጋጠመኝም። መጀመሪያ እንደ ጉድለት ቆጠርሁት። ቆይቼ ሳስበው ግን የሚኒሶታው አዳኝ «ለምን» ማለት የማያስፈልገው ቀድሞ ስለተመለሰለት ነው። የአደኑን ወር መንግሥት ወስኖታል፤ ፈቃድ አውጥቷል፤ ስንት እንስሳ መግደል እንደሚችል ያውቃል። የጥይቱ መጨረሻ ከመጀመሪያው የታወቀ ስለሆነ የቀረው ክርክር የትኛው ዳይ ይሻላል የሚለው ብቻ ነው። «የትኛው» ንጹሕ ጥያቄ የሚሆነው «ለምን» የሚለው አስቀድሞ ከተመለሰ ነው።

ታዲያ «ለምን» ባልተመለሰበት አገር «የትኛው» ምን ይሆናል?

አንገር ጉቲን በምሥራቅ ወለጋ፣ በጊዳ አያና ወረዳ ያለች ከተማ ናት። የአንገር ወንዝ ሸለቆ ሙቀቱ ከባድ፣ ወባው ብርቱ፣ መሬቱ ግን ለም ነው። በደርግ ዘመን፣ በተለይም በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፣ ከወሎ የተነሡ ብዙ ሰፋሪዎች የተቀመጡበት ነው። ኦሮሞውና አማራው በአንድ ገበያ ሰሊጥና በቆሎ ሲሸጥ፣ ሲጋባ፣ ክርስትና ሲነሣሣ፣ ደቦ ሲጠራራ ኖሯል፤ ደቦ የሚለው ቃል ራሱ በሁለቱም ቋንቋ ያለ ቃል ነው። በዚያው ላይ ደግሞ በ1993 ዓ.ም. በጊዳ ኪራሙ በኩል በተነሣው ግጭት ብዙ ሺህ ሰፋሪ አባይን ተሻግሮ ሸሽቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይልቁንም በ2014 እና በ2015 ዓ.ም.፣ በኪራሙና በአንገር ጉቲን አካባቢ ኦሮሞውም አማራውም ተገድሏል፣ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ተፈናቅሏል። ገዳዮቹም ከአንድ ወገን ብቻ የመጡ አልነበሩም። ይህን የምጽፈው ሚዛን ለማስተካከል ብዬ ሳይሆን የሆነው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

በዚያ አገር ሻይ ቤት የተቀመጡ ጎረምሶች ስለ ክላሽ ሲከራከሩ የሰማ ሰው የሚኒሶታውን ክርክር በአማርኛና በኦሮምኛ ሰማ ማለት ነው። የሩሲያው ይሻላል፣ የለም የቡልጋሪያው፤ የቻይናው ቶሎ ይግላል፤ ታጣፊው ለመያዝ ይቀላል፣ ባለ ሰደፉ ግን ይቆነጥጣል። ፍርዳቸው ሐቀኛ ነው፤ ለማንም አያዳሉም፤ የጠላታቸውም መሣሪያ ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው ይላሉ። ስለ ዕቃ ሲነጋገሩ እንዲህ ፍትሐዊ የሆኑ ልጆች ስለ ሰው ሲነጋገሩ ለምን ያን ፍትሕ እንደሚያጡት ዛሬም አይገባኝም። ወይም ምናልባት ይገባኛል፦ ስለ ዕቃ ማውራት እረፍት ነው። ዕቃውን እስካማረጡ ድረስ ዕቃው የሚሠራውን ሥራ ማሰብ አይኖርባቸውም።

እነዚህ ልጆች ጥይት አይሞሉም። ሊሞሉም አይችሉም። የክላሽ ቀለህ በአብዛኛው ከነሐስ ሳይሆን ከብረት የሚሠራ፣ የካፕሱሉም አሠራር በቀላሉ አውጥተው እንዳይተኩት ሆኖ የተበጀ ነው፤ አንድ ጊዜ ተኩሰው የሚጥሉት ዕቃ ነው። ጠመንጃው ራሱ ተፍቶ ይጥለዋል። ተኳሹ ዞር ብሎም አያየው።

የአያቶቻችን ጠመንጃ ግን እንዲህ አልነበረም። ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ፉዚ ግራ ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ዐሥራ አንድ ሚሊሜትር እርሳስ የሚጎርስ፣ ጥቁር ባሩድ የሚበላ፣ ቀለሁ ነሐስ የሆነ መሣሪያ ነው። ባሩዱ ጥቁር በመሆኑ አገር ቤት በተቀመመ ባሩድ ሊተካ ይቻል ነበር። ስለዚህ ቀለሁ አይጣልም፤ ከተኮሱበት ቦታ ጎንበስ ብለው ያነሡታል። በአምስቱ የወረራ ዓመታትም አርበኞች ባዶ ቀለህ እየሰበሰቡ በእጅ ይሞሉ ነበር። የውጅግራ ጥይት እንዲያውም ከዚያ አልፎ ገንዘብ ሆኖ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ፣ በተለይ በደቡቡና በምዕራቡ አገራችን ገበያ፣ ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ጥይት ይመነዘር ነበር። እህል በጥይት ይገዛል፤ ለብር መልስ ጥይት ይሰጣል።

እዚህ ላይ ከአንባቢዎቼ መካከል «ያ ዘመን ይሻል ነበር» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥይቱ ገንዘቡ የሆነ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አይረጭም፤ ቀለሁን ለማንሣት የሚያጎነብስ ሰው የተኮሰበትን ቦታ ተመልሶ ያያል፤ ያየ ሰው ያስባል፤ ያሰበ ሰው ይታገሣል። መልካም አስተሳሰብ ነው፤ እኔንም ለተወሰነ ጊዜ ማርኮኝ ነበር። ነገር ግን ታሪኩ አይደግፈውም። ጥይት በሚመነዘርበት በዚያው ገበያ ባሪያም ይሸጥ ነበር። ከአንገር ሸለቆ ብዙም በማይርቀው በሆሮ ጉዱሩ፣ እምባቦ ላይ፣ በ1874 ዓ.ም. የሸዋና የጎጃም ጦር ሲተላለቅ (የዘመን አቆጣጠሩ ለየቅል ይሁን እንጂ የውጅግራውና የእምባቦው ቁጥር መገጣጠሙ ይገርማል) ጥይት ውድ ነው ብሎ የተመለሰ ሠራዊት የለም። ጥይት መቁጠርና ሰው መቁጠር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቆጣቢ ሰው ሁሉ ርኅሩኅ አይደለም፤ ቆጣቢ ገዳይ አለ።

ስለዚህ ከአሮጌው ቀለህ የምንማረው ሌላ ነገር መሆን አለበት። እሱም ማን ሠራው፣ ማን ተኮሰው የሚለው ይመስለኛል።

እኛ አገር መሣሪያ የሚሠራው ሰውና መሣሪያ የሚይዘው ሰው አንድ ሆነው አያውቁም። አማራው ቀጥቃጭ ብሎ፣ ኦሮሞው ቱምቱ ብሎ አንጥረኛውን ከማዕዱ አርቆታል፤ ቡዳ ነው ብሎታል፤ ልጁን አልዳረለትም። አንጥረኛው የሠራውን ጦር ይዞ የዘመተው ግን ተሸልሟል፣ ተፎክሮለታል፣ ስሙ በልቅሶ ላይ ተነሥቷል። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» እንላለን። ተረቱ እንደሚለው ቢሆን የጦሩ እሾህ የሚወጋው የተወጋበትን ሰው ገዳይ በሆነ ነበር። የወጋው ግን ከእሳቱ ዳር ሆኖ ማረሻችንንም የሚያበጀውን ሰው ነው። ነውሩን ለሠሪው፣ ክብሩን ለያዡ አከፋፍለን፣ ከሁለቱ መካከል ለደሙ የሚጠየቅ ሰው እንዳይገኝ አድርገናል። ይህ የብልጠት ሥራ ይመስለኛል፤ ማንም ተቀምጦ ባይመክርበትም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያደረጉትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን ባለ እጅ ሚስዮናውያን መድፍ ሥሩልኝ አሉ። ሰዎቹ ቢያቅማሙም ሠሩ፤ ሴባስቶፖልም ተወለደ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ኃይል ተጎተተ፤ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲመጡ ግን ለንጉሡ አልጠቀማቸውም። እነዚያ ሚስዮናውያን ለኅሊናቸው ምን መልስ ሰጡት? የእጃቸው ሥራ የሌላ ሰው ፈቃድ ነው ብለው ይሆናል። ንጉሡስ? ሥራው የፈረንጆቹ፣ አገሩ የእግዚአብሔር ነው ብለው ይሆናል። ዛሬም አምቦ አቅራቢያ ባለው የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ ይሁን በሌላ አገር ፋብሪካ ማሽን ላይ የቆመ ሠራተኛ ስለ አንዲት ጥይት ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከዚህ አይለይም፤ ለልጆቹ እንጀራ የሚያበላውን ይህን ሰው እኔ አልወቅሰውም።

የሚኒሶታው ወዳጄ ግን በዚህ ረገድ ልዩ ፍጡር ነው። ራሱ ቀጥቃጭ፣ ራሱ ተኳሽ ነው። ከባለሙያዎቹ የተማረው አንድ ጥብቅ ደንብ ነበር፦ ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አትተኩስ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ባሩዱ ቢበዛ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል፤ ማን እንደሞላው ካላወቅህ ምን እንደሞላበት አታውቅም። ወዳጄ ይህን ደንብ እንደ ሃይማኖት ይዞታል። ጎረቤቱ ሃምሳ ጥይት በነፃ ሲሰጠው አልቀበልም ማለቱን በኩራት ነግሮኛል። ጥይቱ ቢከሽፍ ማንንም አይከስም፤ አጋዘኑን አቁስሎ ቢለቅም ዳዩን አይከስም። ከተኮሰው እርሳስ እስከ ሞላው እጅ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ መንገዱም ሁሉ የራሱ ነው።

ይህን ካደነቅሁለት በኋላ ነው እንግዲህ ሌላውን የሰማሁት። በ2015 ዓ.ም. አገሩ ሲነድ፣ ከወንዙ ልጆች ጋር ሆኖ ገንዘብ አዋጥቶ ልኳል። ለምን እንደሆነ ማንም ግልጽ አድርጎ አልጠየቀም፤ ሁሉም ግን ያውቅ ነበር። «ለወገን መጠበቂያ» ነበር ስሙ። ወዳጄ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አልናገርም፤ ከሁለቱም ወገን ካሉ ሰዎች ይህንኑ፣ በዚሁ ቃል ሰምቻለሁና መናገሩ የሚጨምረው ነገር የለም። «ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አልተኩስም የምትል ሰው፣ ሌላ ሰው የሚተኩሰውን ጥይት እንዴት ሞላህ?» አልሁት። ዝም አለ። ቆይቶ «እኔ ብር ነው የላክሁት» አለኝ። ከዚያም ድምፁ ተለወጠ፦ «የአጎቴ ቤት ከነእህሉ ተቃጥሏል፤ ማን ደረሰለት? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ጠመንጃ ሁሉ ኃጢአት ነው ብሎ ከአዲስ አበባ መጻፍ ቀላል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ማን መያዝ እንደሚችል፣ ማን መሸጥ እንደማይችል ደንግጓል፤ ሌሊት ቤቱ ለሚቃጠልበት ገበሬ ግን አዋጁ ከተራራው ወዲያ ነው። ጎረቤቱ ጠመንጃ ገዝቷል። የገዛው ሊገድለው ይሁን ሊጠበቅ አያውቅም፤ ጎረቤቱም ስለ እሱ አያውቅም። እንግሊዛዊው ሆብስ ሦስት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖታል ይህን ካለ፦ ዳኛ በሌለበት ስፍራ ፍርሃት ብቻውን ጦርነት ለማስነሣት ይበቃል። አንዱ በሬ ሸጦ ጥይት ይገዛል፤ ሌላው ያንን አይቶ ሁለት በሬ ይሸጣል። በሬው ካለቀ መሬቱ ጦም ያድራል፤ ደቦ የሚጠራ ሰው አይኖርም፤ ደቦ ካልተጠራ ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት ቀን ይጠፋል። ቢሆንም ለዚያ ገበሬ «ጥይት አትግዛ» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ወዳጄንም «አትላክ» ለማለት አልደፈርሁም።

እኔ ያልተቀበልሁት «እኔ ብር ነው የላክሁት» የሚለውን ብቻ ነው።

የምለው ነገር ከአውሮፓ ፍልስፍና የተቀዳ አይደለም፤ የጉማ ሥርዓት ነው። በኦሮሞውም በአማራውም ዘንድ ሰው ሲገደል ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጉማው ተቆርጦ፣ ደሙ ይደርቃል። ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች አበጋር የሚሏቸውን እስላምም ክርስቲያንም የሚያከብራቸውን አስታራቂዎች ያውቃሉ፤ የአካባቢው ኦሮሞ ደግሞ የራሱ ጃርሶች አሉት። ጉማን ከመንግሥት ፍርድ ቤት የሚለየው ገዳዩ ብቻውን አለመክፈሉ ነው። ዘመዱ ያዋጣለታል፤ ያልገደለው፣ ያላየው፣ ምናልባትም ገዳዩን የማይወደው አጎት ሳይቀር ድርሻውን ይከፍላል። ትምህርት ቤት የገባን ሰዎች ይህን ኋላ ቀር ነው ስንል ኖረናል፤ ላልሠራው ወንጀል ሰው ለምን ይከፍላል? እኔም ይህ ትችት እውነት እንዳለው አልክድም። ልጁ በአባቱ ደም መጠየቁ ስንት ቂም እንዳስቀጠለ የታወቀ ነው።

ግን የጉማ አባቶች አንድ ነገር አውቀው ነበር፦ ገዳይ ብቻውን ገዳይ አይሆንም። ጠመንጃውን የገዛለት፣ «ወንድ ነህ» ያለው፣ ስንቅ ያቀበለው፣ ሲመለስ ያስገባው አለ። ዘመዱ ለጉማ የሚያዋጣው ቀድሞ በሌላ መልክ አዋጥቶ ስለነበር ነው። ዛሬ የሆነው የመጀመሪያው መዋጮ ሰፍቶ ሁለተኛው መጥበቡ ነው። ለጥይት የሚያዋጣው ከዘመድ አልፎ፣ ከቀበሌ አልፎ፣ ከአገር አልፎ ውቅያኖስ ተሻግሯል፤ ለጉማ የሚያዋጣው ግን፣ ጉማ የሚባል ነገር ከተቀመጠ፣ በሸለቆው የቀረው በሬ አልባ ገበሬ ነው።

አንድ ሰው እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «መቶ ብር ያዋጣ ሰውና ሕፃን የገደለ ሰው አንድ ናቸው ልትለን ነው?» አይደሉም። የጉማ ሽማግሌዎችም አንድ አላሏቸውም፤ ገዳዩ የሚያደርገው ሌላ፣ አጎቱ የሚከፍለው ሌላ ነበር። ጥይቱን የተኮሰው ሰው ኢላማውን መርጧል፤ ያዋጣው አልመረጠም። ለመጠበቂያ የተላከው ብር ለመበቀያ ሲውል ላኪው ላያውቅ ይችላል። ባለማወቁ ዕዳው ይቀንስለት ይሆናል፤ ጨርሶ አይፋቅለትም። እዚህ ላይ የወዳጄን የራሱን ደንብ ነው የምጠቅሰው፦ ማን እንደሞላው የማታውቀውን ጥይት አትተኩስ ከተባለ፣ ማን እንደሚተኩሰው የማታውቀውን ጥይት መሙላትም ያንኑ ያህል አደገኛ ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያው የሚፈነዳው በራስህ ፊት ላይ መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነግሬዋለሁ። አልተቆጣኝም። በሌላ ጊዜ ደውሎ «እሺ፣ እንዳልኸው ይሁን፤ እዚህ ሆኜ እንዴት አድርጌ ጉማ እቀመጣለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የምር ነበር፤ እኔም ለማሾፍ አልወሰድሁትም። በአንገር ሸለቆ አንድ ቀን ሽማግሌዎች ከኦዳ ሥር ቢቀመጡ፣ የገደለው ይነሣ ብለው ቢጠሩ፣ ምናልባት ጥቂት ሰው ይነሣል፣ ምናልባትም ማንም አይነሣም። ቀጥለው «ለጥይቱ ያዋጣ ይነሣ» ቢሉ ግን መነሣት ያለበት ሰው ብዙ ነው፦ ሰሊጥ ሸጦ የሰጠው ገበሬ፣ ከሱቁ መሳቢያ ያወጣው ነጋዴ፣ አዲስ አበባ ሆኖ በባንክ የላከው ሠራተኛ፣ ውጭ አገር ያለው። ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው መቼም መዝገብ ይይዛል፤ እኛ አገር ያለ መዝገብ ዕድርም ዕቁብም አይቆምም፤ ስሙና የሰጠው ብር ተጽፏል።

ወዳጄ ስሙ በሁለት ዝርዝር ላይ እንዳለ ነገረኝ። አንዱን የያዘው ሰው በሕይወት አለ፤ ሌላው ሞቷል፤ መዝገቡ ማን ጋ እንዳለ ግን እያጠያየቀ ነው።